ከክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚገዙ ነገሮች፦ የቱ ዋጋውን ያወጣል?

ክብደት ለመቀነስ ጨጓራው የተቀነሰለት ሰው ቁስሉ ሳይሽር ገበያው ይጠብቀዋል። “ለባሪያትሪክ ሕሙማን”፣ ማለትም የክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና ለተደረገላቸው፣ የሚል ቃል ፊቱ ላይ የተጻፈበት ቫይታሚን፣ በየጣዕሙ የተዘጋጀ የፕሮቲን ዱቄት፣ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ፕላስተር፣ ከስልክ ጋር የሚገናኝ ሚዛን፣ “ጨጓራን እንደገና ማሳነሻ” የሚባል የአምስት ቀን ፕሮግራም። ከእነዚህ ውስጥ ዕድሜ ልክ የሚያስፈልጉ አሉ፤ ባይገዙ ምንም የማያጎድሉም አሉ። አንዳንዱ ደግሞ ሰውን “ቫይታሚኔን እየወሰድኩ ነው” ብሎ ስለሚያዘናጋ ከነጭራሹ ካለመግዛት የባሰ ነው። እዚህ የምርት ስም አልጠራም፤ በጠርሙሱ ጀርባ ያለው ሠንጠረዥ ከስሙ የበለጠ ይናገራል።

መለኪያዬ አንድ ነው፦ ይህ ነገር ወደተለወጠው ሆድ ሲገባ ምን ይሆናል? በስሊቭ ቀዶ ሕክምና ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ጨጓራ ተቆርጦ ይወጣል፤ የሚቀረው ሙዝ የሚመስል ጠባብ ቱቦ ነው። በባይፓስ ደግሞ ከጨጓራው አናት 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ትለይና ወደታች ካለው የትንሹ አንጀት ክፍል ጋር በቀጥታ ትገጠማለች። ምግቡ ዱኦዲነም የሚባለውን የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ሳይነካ ያልፋል፤ ብረትና ካልሲየም በተለይ የሚመጠጡት ደግሞ እዚያ ነው። የጨጓራው አሲድ ቀንሷል። ቢ12ን ይዞ የሚያሻግረው ከጨጓራ የሚመነጭ ፕሮቲንም አብሮ ቀንሷል። ለተራ ሆድ ተብሎ የተመጠነ ቫይታሚን እዚህ የማይበቃው ለዚህ ነው።

መልቲቫይታሚን፦ ጠርሙሱን አዙሩት

ብዙ ክሊኒኮች የሚከተሉት የአሜሪካ የሜታቦሊክና የባሪያትሪክ ቀዶ ሕክምና ማኅበርን መመሪያ ነው። ከስሊቭና ከባይፓስ በኋላ በቀን ቢያንስ 12 ሚሊ ግራም ታያሚን፣ ማለትም ቢ1፣ ቢቻል 50፤ ከ350 እስከ 1000 ማይክሮ ግራም ቢ12፤ ከ400 እስከ 800 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ፣ መውለድ በሚቻልበት ዕድሜ ላለች ሴት እስከ 1000፤ ከ45 እስከ 60 ሚሊ ግራም ብረት፤ 3000 ዩኒት ቫይታሚን ዲ3። ጠርሙሱን ስታዞሩት መጀመሪያ የምታነጻጽሩት እነዚህን አምስት ቁጥሮች ነው። ፊቱ ላይ ያለው ቃል ምንም ይሁን ምን፣ ብረቱ 18 ታያሚኑ 1.5 ከሆነ ተራ መልቲቫይታሚን በሌላ ልብስ ነው።

የቢ12 ቁጥር ብዙ ሰው ያስደነግጣል። የአዋቂ ሰው የቀን ፍላጎት 2.4 ማይክሮ ግራም ሆኖ ሳለ 1000 መዋጥ ለምን? አሻጋሪው ፕሮቲን ሲያንስ ቢ12 በራሱ ሰርጎ የሚያልፈው ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ብቻ ስለሆነ ነው። 1000 የዋጠ ሰው 10 ያህል ያገኛል፤ 25 ብቻ ያለበትን መልቲቫይታሚን የዋጠ ሰው ግን ሩብ ማይክሮ ግራም ይደርሰዋል። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ቢ12 አከማችቶ ስለሚይዝ ጉድለቱ ቶሎ አይታይም። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ዓመት ላይ፣ ሰውዬው “አሁንማ ለምጄዋለሁ” ብሎ ኪኒኑን ሲተው፣ እግር መደንዘዝና ድካም ሆኖ ይመጣል። በየወሩ 1000 ማይክሮ ግራም በመርፌ መወጋት ሌላው መንገድ ነው፤ በየቀኑ መዋጥ ለሚረሳ ሰው እኔ መርፌውን እመርጥለታለሁ።

ብዙዎች የሚዘሉት መስመር የዚንክና የመዳብ ነው። ዚንክ ፀጉር ያጠነክራል ተብሎ በብዛት ይጨመራል፤ ዚንክ ሲበዛ ግን መዳብ እንዳይመጠጥ ያግዳል። ከ8 እስከ 15 ሚሊ ግራም ለሚሆን ዚንክ 1 ሚሊ ግራም መዳብ መኖር አለበት። 30 ሚሊ ግራም ዚንክ ኖሮት መዳብ የሌለው ምርት መደርደሪያው ላይ ይቅር። የመዳብ ጉድለት የሚያመጣው ደም ማነስ ብረት ቢወሰድለትም አይሻሻልም፤ አረማመድን ማዛባትና እግር ማደንዘዝም ስላለው በቀላሉ የቢ12 ጉድለት ይመስላል።

አንድ ቀላል ፈተና ደግሞ አለ። አንዱ ኪኒን ውስጥ 45 ሚሊ ግራም ብረትና 500 ሚሊ ግራም ካልሲየም አንድ ላይ ካያችሁ ቀማሚው ሥራውን አያውቅም ማለት ነው። ሁለቱ ለመመጠጥ ይሻማሉ። ጥሩ የባሪያትሪክ መልቲቫይታሚን ካልሲየሙን ሆን ብሎ ይተወዋል፤ “ካልሲየም የለበትም” ብሎ ማማረር ስህተት ነው።

ወደ ዓይነቶቹ ስንመጣ፣ የሚታኘከው ለመጀመሪያዎቹ ወራት ትክክለኛው ምርጫ ነው፤ ጨጓራው እብጠት ስላለበት ትልቅ ኪኒን ይቆማል። ጉድለቱ ጣዕሙ ነው። ብረት ያለበት የሚታኘክ ኪኒን አፍ ላይ የብረት ቃና ይተዋል፤ በባዶ ሆድ ከተወሰደም ያቅለሸልሻል። ጥቂት ከበሉ በኋላ መውሰድ አብዛኛውን ጊዜ ይፈታዋል። ኪኒን መዋጥ ከተፈቀደ በኋላ በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጠው ካፕሱል ይሻላል ባይ ነኝ፤ በቀን አራቴ የሚታኘክ ነገር ከስድስት ወር በላይ ሲቀጥል እምብዛም አይታይም።

የከረሜላ ዓይነቱን፣ ለስላሳውን፣ አልመክርም። ብረት ጣዕሙን ስለሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ የለበትም፤ ማዕድናቱ ይሳሳሉ፤ በዚያ ላይ ስኳር አለው። ለልጆች የተሠራ ነገር ነው።

ፕላስተሩ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ ኪኒን ያንገሸገሸው ሰው ሁሉ ይጓጓለታልና። ቆዳ የተፈጠረው ነገር እንዳያስገባ ነው። በመድኃኒት ሙያ የሚታወቅ ልምድ አለ፦ የሞለኪውሉ ክብደት ከ500 ዳልተን በላይ የሆነ ነገር ጤናማ ቆዳን ሰርጎ ለማለፍ በጣም ይቸገራል። የቢ12 ክብደት 1355 ነው። ካልሲየም ደግሞ በቀን ከአንድ ግራም በላይ ያስፈልጋል፤ ያን ያህል ነገር በአንዲት ቁራጭ ፕላስተር ቆዳ አልፎ አይገባም። የኒኮቲን ፕላስተር ይሠራል ብሎ ማነጻጸር አያዋጣም፤ ኒኮቲን ክብደቱ 162 ብቻ ሲሆን የሚፈለገውም በጥቂት ሚሊ ግራም ነው። ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው በፕላስተር ብቻ ቢተማመን ሳያውቀው ባዶውን ይከርማል።

ካልሲየምና ብረት፦ የሒሳብ ጉዳይ

የብዙ ሰው ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው፤ ምክንያቱም ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር የጨው ቁጥር ሊሆን ይችላል። ካልሲየም ሲትሬት በክብደቱ 21 በመቶ ብቻ ነው ካልሲየም የሆነው። “ካልሲየም ሲትሬት 1000 ሚሊ ግራም” የሚል ኪኒን ውስጥ ያለው ካልሲየም 210 ነው። በቀን ከ1200 እስከ 1500 ሚሊ ግራም ያስፈልጋል፤ ከዚህ ኪኒን 1200 ለማግኘት ስድስት መዋጥ ሊኖርባችሁ ነው። ሌላው ጠርሙስ ደግሞ “ካልሲየም፣ ከካልሲየም ሲትሬት የተገኘ፣ 500 ሚሊ ግራም” ይላል፤ ያ ሙሉው 500 ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና የትኛው እንደሚረክስ በኪኒን ቁጥር ሳይሆን በካልሲየሙ አስሉት።

ካልሲየም ካርቦኔት 40 በመቶው ካልሲየም ስለሆነ ኪኒኑ ትንሽ፣ ዋጋውም ዝቅተኛ ነው። ችግሩ ለመሟሟት አሲድ ይፈልጋል፤ አሲዱ በቀነሰ ጨጓራ፣ በተለይም ቃር ለማስታገስ ኦሜፕራዞል ለሚወስድ ሰው፣ ያን ያህል አይረባም። መውሰድ ግድ ከሆነ ከምግብ ጋር ይሁን። ሲትሬቱ ከምግብ ጋርም ያለምግብም ይመጠጣል። ባይፓስ የተደረገላቸው ሰዎች ለኩላሊት ጠጠር ስለሚጋለጡ ሲትሬቱ በዚያም በኩል ይጠቅማል፤ ሲትሬት ሽንት ውስጥ ጠጠር እንዳይጋገር ያግዛል።

አንጀት በአንድ ጊዜ የሚቀበለው ከ500 እስከ 600 ሚሊ ግራም ስለሆነ የቀኑን ካልሲየም በሙሉ ጠዋት አንድ ላይ መዋጥ ኪሳራ ነው። የሚሠራ ቀን ይህን ይመስላል፦ ጠዋት ብረት ያለው መልቲቫይታሚን ጥቂት ከቀመሱ በኋላ፤ ቀትር ላይ 500 ካልሲየም፤ ወደ ማታ ሌላ 500፤ ከመኝታ በፊት የቀረው። በብረትና በካልሲየም መካከል ቢያንስ የሁለት ሰዓት ክፍተት ይኑር። የታይሮይድ ኪኒን የሚወስድ ሰው ከሁለቱም አራት ሰዓት ማራቅ አለበት፤ ይህ ካልተደረገ የታይሮይዱ ምርመራ ተዛብቶ ዶዙ ያለምክንያት ይጨመርበታል።

ብረት ላይ ያው ሒሳብ ይሠራል። 325 ሚሊ ግራም ፌረስ ሰልፌት ውስጥ ያለው ብረት 65 ነው፤ ያው 325 ፌረስ ፉማሬት ከሆነ ግን 106። ዶክተሩ “አንድ ኪኒን” ሲል የትኛውን እንደሆነ ጠይቁ። ሻይና ቡና የብረት መመጠጥን ስለሚያዳክሙ ያራርቋቸው፤ ቫይታሚን ሲ አብሮ ቢኖር ይረዳል። “ሆድ አያስቸግርም፣ ቀስ ብሎ ይለቀቃል” ተብሎ በሽፋን የተጠቀለለው ብረት በተለይ ለባይፓስ መጥፎ ግዢ ነው፦ ሽፋኑ ሲፈታ ብረት በደንብ የሚመጠጥበትን ቦታ አልፎ ሄዷል። ሰገራ መጥቆር የሚጠበቅ ነው። በትክክል እየተወሰደ ፌሪቲን፣ ማለትም ሰውነት ያከማቸውን ብረት የሚያሳየው የደም ምርመራ ቁጥር፣ ካልጨመረ ኪኒን መለዋወጡን ትቶ በደም ሥር የሚሰጠውን ብረት መጠየቅ ይሻላል።

የፕሮቲን ዱቄት

በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል፤ ብዙ የምግብ ባለሙያዎች እስከ 80 ያደርሱታል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በትንሿ ጨጓራ ይህን ያህል ከምግብ ማግኘት ስለማይቻል ዱቄቱ በእርግጥ ያስፈልጋል። መምረጫው አንድ ማካፈል ነው፦ የፕሮቲኑን ግራም ለማንኪያው ግራም። 30 ግራም ማንኪያ ውስጥ 24 ፕሮቲን ካለ 80 በመቶ ነው፣ ጥሩ ነው። 26 ወይም 27 ከሆነ አይሶሌት የሚባለው ነው፤ ላክቶስ ስለማይኖርበት፣ ቢኖርበትም በጣም ጥቂት ስለሆነ፣ ወተት ሆዱን ለሚነፋው ሰው ይህኛው ይሻላል። 60 ግራም ማንኪያ ውስጥ 20 ፕሮቲን ካለ ጡንቻ ማሳበጫ ነው፤ የቀረው ስኳርና ስታርች ነው።

ኮላጅን በፕሮቲን ቁጥር ተታላችሁ እንዳትገዙት። ትሪፕቶፋን የሚባለው አስፈላጊ አሚኖ አሲድ ጭራሽ የለውም፤ ብቻውን ጡንቻ አይጠብቅም። በቀን 60 ግራም ፕሮቲን ወሰድኩ ያለ ሰው 30ው ከኮላጅን ከሆነ የሠራው ግማሹን ነው።

ትልቁን ጣሳ መጀመሪያ አትግዙ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ጣዕም ይለወጣል፤ በፊት የወደዱት ቫኒላ ሊያስጠላ ይችላል። ባለ አንድ ጊዜ ከረጢቶቹን ሞክሩ። ሲበጠበጥ ቀዝቃዛው ውኃ ይቅደም፣ ዱቄቱ ይከተል፤ ከተናጠ በኋላ አረፋው እስኪበርድ አምስት ደቂቃ ይቆይ። አረፋውን የጠጣ ሰው አየር ነው የጠጣው፤ ጠባቡ ጨጓራ ላይ ደረት የሚወጋ ሕመም ይሆናል። በሚፈላ ነገር ላይ ከጨመሩት ደግሞ ይቋጠራል።

አሁን ስለ ዱቄቱ የማይነገረውን ልናገር። ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ዱቄቱ ሊጎዳ ይችላል። ፈሳሽ ከትንሿ ጨጓራ ቶሎ ሾልኮ ስለሚወርድ አያጠግብም፤ ተመሳሳይ ፕሮቲን ከእንቁላል፣ ከዓሣ ወይም ከሥጋ ሲገኝ ግን ለሰዓታት ይይዛል። ክብደት መመለስ ጀምሮ ሳለ “ፕሮቲን ነው” ተብሎ በምግብ ላይ የሚጨመር ሁለት ብርጭቆ ሼክ ተጨማሪ ምግብ እንጂ መድኃኒት አይደለም። የፕሮቲን ባር የሚባሉትም ይበልጡን ማልቲቶልና ሶርቢቶል የሚባሉ ማጣፈጫዎች ስላሉባቸው ሆድ ይነፋሉ፣ ያስቀምጣሉ።

ስለ ፀጉር ቫይታሚን ባጭሩ። ፀጉር ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ወር የሚነቃቀለው ሰውነት በድንገት ስለተራበ ነው፤ ፕሮቲንና ብረት በቂ ከሆኑ ራሱ ይመለሳል። የሚሸጠው ከፍተኛ ባዮቲን ደግሞ የታይሮይድና የልብ ደም ምርመራን ያዛባል፤ ከወሰዳችሁ ደም ከመቀዳታችሁ በፊት ተናገሩ።

ሚዛንና ፕሮግራሞች

ስብ፣ ውኃና ጡንቻ ለይቶ ያሳያል የሚባለው ሚዛን በእግር በኩል ትንሽ ኤሌክትሪክ ልኮ ነው የሚገምተው። ውኃ ሲያንስ የስቡ ቁጥር ይቀየራል፤ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ደግሞ ውኃ መጠጣት የሚከብደው ነው። ለስቡ ቁጥር ብላችሁ ተጨማሪ ገንዘብ አታውጡ፤ ልብ ላይ ፔስሜከር ያለው ሰው ደግሞ ከነጭራሹ አይውጣበት። ኪሎን በትክክል የሚያሳይ ተራ ሚዛን ይበቃል፣ ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ በተመሳሳይ ልብስ። የአንድ ቀን ቁጥር ሳይሆን የሳምንት አማካይ ይያዝ።

ያን አማካይ ስታነብቡ አንድ ነገር እወቁ። በስዊድን እ.ኤ.አ. በ1987 በተጀመረው ትልቅ ጥናት ባይፓስ የተደረገላቸው ሰዎች በመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ዓመታት ከክብደታቸው 32 በመቶ ያህል ቀንሰው ነበር፤ በ10ኛው ዓመት 25 በመቶ ላይ ነበሩ። ማለትም ከዝቅተኛው ቁጥር ጥቂት መመለስ የተለመደ ነው፤ ውድቀት አይደለም። የሚያሳስበው ሳያቋርጥ በየወሩ መውጣቱ ነው፤ ያን ጊዜ ሐኪም ቶሎ ማየት ያስፈልጋል እንጂ የአምስት ቀን ፈሳሽ ብቻ የሚያጠጣ ፕሮግራም መግዛት አይደለም። ያ ፕሮግራም ጨጓራን አያሳንስም፤ የሚወርደው ውኃና የአንጀት ይዘት ነው፣ መብላት ሲጀመር ተመልሶ ይመጣል። ትክክለኛው ሐኪም የሚያየው ሌላ ነው፦ ቀኑን ሙሉ ትንሽ ትንሽ መቆርጠም፣ ከምግብ ጋር መጠጣት፣ አልኮል፣ ክብደት የሚጨምሩ መድኃኒቶች፣ አንዳንዴም ከቀዶ ሕክምናው ራሱ የሚመጣ ችግር። እንደ ሴማግሉታይድ ያሉ ክብደት የሚቀንሱ መርፌዎችም እዚህ ላይ ቦታ አላቸው፤ ግን ያለ ክትትል ተገዝተው ሲወሰዱ ያልበቃውን የምግብ መጠን ይበልጥ ያሳንሱትና የፕሮቲን ጉድለቱን ያባብሱታል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግዢ፦ የክትትል አገልግሎት

ገንዘብ ካላችሁ ከቫይታሚኑ ቀጥሎ እዚህ ላይ አውሉት። ጥሩ አገልግሎት በሦስተኛው፣ በስድስተኛውና በ12ኛው ወር፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ዕድሜ ልክ የደም ምርመራ ያዝላችኋል፦ ሙሉ የደም ቆጠራ፣ ፌሪቲን፣ ቢ12፣ ፎሌት፣ ቫይታሚን ዲ፣ ካልሲየም፣ አልቡሚን፣ ባይፓስ ከሆነ ዚንክና መዳብ፣ እንዲሁም ፓራታይሮይድ ሆርሞን። የመጨረሻውን የማያዝ ክሊኒክ ብዙ ነው። ካልሲየም ሲያንስ ሰውነት ከአጥንት እየቀዳ ደሙን ስለሚያስተካክል የደም ካልሲየም ውጤት “ደህና” ይላል፤ አጥንት እየተዘረፈ መሆኑን የሚያጋልጠው ከፍ ያለው ሆርሞን ነው።

ኪሎ ብቻ ጠይቆ የሚያሰናብት አገልግሎት ዋጋውን አያወጣም። በስልክ ወይም በቪዲዮ የሚደረግ ክትትል ለምግብና ለክብደት ደህና ነው፤ ደሙን ግን ሌላ ቦታ የሚያስቀዱበት መንገድ ካላመቻቸ ግማሽ አገልግሎት ነው። ስለ ህመም ማስታገሻ ቢጠየቅ “ኢቡፕሮፌን አይነኬ ነው፣ ፓራሲታሞል ይሁን” የሚል መልስ ሊኖረው ይገባል፤ ባይፓስ ባለው ሰው ኢቡፕሮፌንም ሆነ ዲክሎፌናክ በተገጠመው ቦታ ላይ ቁስል ያመጣሉ፣ ማጨስም እንደዚያው። ከ12 እስከ 18 ወር እርግዝና እንዲዘገይ፣ ከባይፓስ በኋላም የሚዋጥ የወሊድ መከላከያ ላይ ብቻ እንዳይታመኑ የሚነግር አገልግሎት ሥራውን ያውቃል።

ከመመዝገባችሁ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አቅርቡ፦ “ለሦስት ቀን ያለማቋረጥ ቢያስመልሰኝ ምን ታደርጋላችሁ?” ሰውነት ያከማቸው ታያሚን የሚበቃው ለሁለት ለሦስት ሳምንት ነው፤ ሲያልቅ ዓይን ይዛባል፣ አረማመድ ይንገዳገዳል፣ አእምሮ ይደነግዛል፣ ጉዳቱም ላይመለስ ይችላል። “ሾርባ ሞክርና ሰኞ ደውል” ካሏችሁ ተዋቸው። ትክክለኛው መልስ በዚያው ቀን ማየት፣ ታያሚን በመርፌ መስጠት፣ እና ግሉኮስ ያለበት የደም ሥር ፈሳሽ ከመሰቀሉ በፊት ታያሚኑ መቅደሙን ማረጋገጥ ነው፤ ስኳሩ ከቀደመ የቀረችዋን ታያሚን ጨርሶ ጉዳቱን ያፋጥነዋል።